ደራሹ ወርዋሪ ሆይት ዊልሄልም

የስፖርት ሰው የሥራ ዘመን አጭር መሆኑ የታወቀ ነው። ቦክሰኛው ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው ክንዱ ይከብደዋል፤ የእግር ኳስ ተጫዋቹም በዚያው ዕድሜ ጉልበቱን ማስታመም ይጀምራል። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ግን ወደ ታላቁ ሜዳ የገባው ብዙዎቹ እኩዮቹ ለመሰናበት በሚሰናዱበት በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ኳስ የወረወረውም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው አሥራ ስድስት ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። በመካከሉ በነበሩት ሃያ አንድ የጨዋታ ዘመናት ውስጥ በ1,070 ግጥሚያዎች ወረወረ፤ ይህም ከእርሱ በፊት ማንም ወርዋሪ ያልደረሰበት ቍጥር ነበር። ስሙ ጄምስ ሆይት ዊልሄልም ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቤዝቦል በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ጨዋታ ስለሆነ፥ ወደ ሰውዬው ታሪክ ከመግባታችን በፊት ሥርዓቱን በጥቂቱ መግለጽ ይገባናል። ዱላና ኳስ ያለበት ነው ሲባል የገናን ጨዋታ የሚያስታውሱ ይኖራሉ፤ ነገር ግን አይመሳሰሉም። በገና ሁሉም ዱላውን ይዞ ሩሯን ያሳድዳል፤ በቤዝቦል ግን በአንድ ጊዜ ዱላ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከእርሱ ፊት ለፊት አሥራ ስምንት ሜትር ያህል ርቆ፥ ከፍ ባለች የአፈር ጉብታ ላይ የተቃራኒው ቡድን ወርዋሪ ይቆማል። ወርዋሪው ኳሷን መቺው እንዳያገኛት አድርጎ ለመስደድ፥ መቺውም አግኝቶ ከሜዳው ዳር ለማድረስ ይታገላሉ። ከመቺው ኋላ ደግሞ ትልቅ የቆዳ ጓንት ያጠለቀ ተቀባይ ቁጢጥ ብሎ ያልተመታችውን ኳስ ይይዛል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል፤ ከአንድ ቡድን ሦስት ሰዎች ሲወጡ ተራው ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሁለቱም ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ሲደርሳቸው ግጥሚያው ያልቃል። ሌላም ብዙ ውስብስብ ሕግ አለው፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይህ ይበቃል።

የዚህ ጨዋታ ሸክም የሚያርፈው በወርዋሪው ክንድ ላይ ነው። መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ባለ በሌለ ኀይሉ የሚወረውር ሰው ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ድካም ይሰማዋል፤ ሲደክምም መቺዎቹ ያውቁበታል። በዚህን ጊዜ አሠልጣኙ ከሜዳው ጥግ ተቀምጠው ከሚጠባበቁት ወርዋሪዎች አንዱን ያስጠራል። በጦርነት ጊዜ ግንባሩ ሊፈታ ሲል የሚላከውን ጦር ደራሽ ጦር እንደምንለው፥ ይህንንም ሰው ደራሽ ወርዋሪ ብንለው የሚስማማው ይመስለናል።

የደራሹ ዕጣ እንግዳ ነው። ወደ ሜዳ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ባጠፋው ጥፋት የተቃራኒው ቡድን ተጫዋቾች ነጥብ ለማግባት ተቃርበው ይጠብቁታል፤ ክንዱን የሚያሟሙቅበት ጊዜ አጭር ነው፤ አንዲት ስሕተት ከሠራ የጓደኛው የሁለት ሰዓት ድካም በእርሱ እጅ ይጠፋል። ዊልሄልም በልጅነቱ ቤዝቦልን ሲማር ይህ ሥራ እምብዛም ክብር አልነበረውም። ኩሩ ወርዋሪ የጀመረውን ራሱ ለመጨረስ ይፈልግ ነበር፤ በደራሽነት የሚቀመጠውም አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ ያረጀ ወይም ገና ያልታመነበት ሰው ነበር።

ሆይት ዊልሄልም የተወለደው ጁላይ 26 ቀን 1922 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ሃንተርስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ሲሆኑ፥ ከእርሱ ጋር አሥራ አንድ ልጆች አሳድገዋል። በተጫወተበት ዘመን ሁሉ የስፖርት መጻሕፍት የተወለደበትን ዓመት 1923 እያሉ ይጽፉ ነበርና፥ ተመልካቹ ሽማግሌ እያለ ሲያደንቀው እንኳ ከእውነተኛው ዕድሜው አንድ ዓመት ቀንሶለት ነበር ማለት ነው።

በኮርኒሊየስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ይወረውር ነበር። ገና በዚያ ዕድሜው አንድ ነገር ስለራሱ ተረድቷል፤ ይኸውም ክንዱ ፈጣን አለመሆኑን ነው። ፍጥነት የሌለው ወርዋሪ ፈረስ እንደሌለው ፈረሰኛ ነው፤ ብዙ ልጆች ይህን ሲያውቁ ጨዋታውን ይተዉታል። ዊልሄልም ግን ደች ሌናርድ ስለሚባል የዋሽንግተን ቡድን ወርዋሪ በጋዜጣ አነበበ፤ ከጽሑፉም ጋር ሰውዬው ኳሷን እንዴት እንደሚይዛት የሚያሳይ ሥዕል ነበረ። ሌናርድ የሚወረውረው አሜሪካኖች ነክልቦል የሚሉትን ነበር። ልጁ የቴኒስ ኳስ አንሥቶ በሥዕሉ እንዳየው አድርጎ መያዝ ጀመረ። የጋዜጣ ሠራተኞች እንደመሆናችን ይህን ስናነብ ደስ ሳይለን አልቀረም፤ አንድ የገበሬ ልጅ ከአንድ የጋዜጣ ገጽ ላይ የዕድሜ ልክ እንጀራውን አገኘ።

ስለዚህ አወራወር ጥቂት ማተት አለብን፤ ያለዚያ የሰውዬው ታሪክ አይገባንም። የቤዝቦል ኳስ ክብደቷ 145 ግራም ያህል ሲሆን፥ ልባሷ በቀይ ክር የተሰፋ ነጭ ቆዳ ነው። ስፌቷ ከቆዳው ጥቂት ከፍ ይላል። ሌሎች ወርዋሪዎች ኳሷን ሲለቋት በጣታቸው አሹረው ስለሆነ እየተሽከረከረች ትሄዳለች፤ የሠለጠነ መቺም አሿሿሯን አይቶ ወዴት እንደምታጥፍ ይገምታል። ነክልቦል ግን ሳትሽከረከር፥ ቢበዛ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ብቻ እንድትደርስ ሆና የምትወረወር ናት። ስሟ የጣት አንጓ ኳስ ማለት ቢሆንም ዊልሄልም የሚይዛት በጣቶቹ ጫፍ ነበር፤ ከእጁም የምትወጣው ተገፍታ እንጂ ተሹራ አይደለም። እንዲህ ሆና ስትሄድ ነፋሱ ስፌቱን በአንድ ወገን ሲያገኘው ወደ አንድ፥ በሌላ ወገን ሲያገኘው ወደ ሌላ ይገፋታል። ስለዚህ በመንገዷ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ወደ ግራ ያዘነበለች መስላ ወደ ቀኝ ትመለሳለች፤ አንዳንዴም መቺው ዘንድ ስትደርስ ድንገት ትወርዳለች። ወዴት እንደምትሄድ መቺው አያውቅም፤ ተቀባዩም አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ወርዋሪው ራሱ አያውቅም።

ፍጥነቷ እንኳ ለማስፈራት የሚበቃ አይደለም። የፈጣን ወርዋሪ ኳስ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስትበር፥ ነክልቦል ከ110 ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፍም። ጥቅሟም ጉዳቷም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ክንድን ስለማታስጨንቅ ወርዋሪዋን ዕድሜ ትሰጠዋለች። በሌላ በኩል ግን ጥቂት እንኳ ከተሽከረከረች እንደ ማንኛዋም ዝግ ያለች ኳስ ሆና ለመቺው ስጦታ ትሆናለች። ስለዚህ አብዛኞቹ አሠልጣኞች ነክልቦልን የሚመለከቷት በጥርጣሬ ዓይን ነበር፤ ሌላ መላ ያጣ ሰው የሚይዛት መላ ናት ይሉ ነበር።

የአሜሪካን ቤዝቦል ታላላቅ ሊጎች ሁለት ሲሆኑ፥ ከእነርሱ በታች እንደ መሰላል የተደረደሩ ትናንሽ ሊጎች ነበሩ። ዊልሄልም በ1942 በትውልድ አገሩ አቅራቢያ በምትገኘው በሙርስቪል ሲቀጠር የመሰላሉን የመጨረሻ እርከን ያዘ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በዚሁ በታችኛው ደረጃ ከነበሩት አሠልጣኞች አንዱ ከቡድኑ አስወጥቶት፥ የነክልቦልን ነገር ትቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ መከረው። የመጨረሻው ደረጃ ቡድን እንኳ ያልፈለገው ወርዋሪ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን አወራወሩን አልተወም። ምክሩን ያልሰማው በትዕቢት አይመስለንም፤ ሌላ የሚወረውረው ነገር ስላልነበረው ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሦስት ዓመት ወሰደበት። ዊልሄልም ከ99ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1944 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ጀርመኖች በቤልጅግ አገር በአርዴን ጫካ በኩል የመጨረሻውን ታላቅ ማጥቃት ሲያደርጉ፥ ይህ ክፍለ ጦር ከፊት ከተቀበሏቸው አንዱ ነበር። ዊልሄልም በዚያ ውጊያ ቆሰለ፤ ፐርፕል ሃርት የተባለውንም የቁስለኞች ሜዳይ ተሸለመ። ከፈንጂው ስብርባሪ አንዱ ከጀርባው ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ የወረወራትን እያንዳንዷን ኳስ የወረወረው ያንን ብረት በገላው ተሸክሞ ነው። በኋላ በሜዳ ጓደኞቹ ዘንድ አሮጌው ሳጅን የሚል ቅጽል ስም የወጣለት በዚህ ምክንያት ነው፤ እርሱ ግን ስለ ጦርነቱ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። በጠቅላላው ዝምተኛ ነበር።

በ1946 ወደ ሙርስቪል ተመለሰ። ሃያ አራተኛ ዓመቱን ይዞ እንደገና ከመሰላሉ ግርጌ ጀመረ ማለት ነው። በዚያ ዓመትና በተከታዩ ዓመት በድምሩ 41 ግጥሚያ አሸነፈ፤ ከዚህም የተነሣ በ1947 መጨረሻ የኒው ዮርኩ ጃይንትስ ቡድን ወሰደው። ይሁን እንጂ መወሰድና መጫወት ልዩ ልዩ ናቸው። ጃይንትስ ከትናንሽ ቡድኖቹ ወደ አንዱ፥ ከዚያም ወደ ሌላው እየላኩ አራት ዓመት አስጠበቁት፤ ኖክስቪል፥ ጃክሰንቪል፥ ሚኒያፖሊስ። በሌሊት አውቶቡስ እየተጓዙ፥ ለታላቁ ሊግ ታስበው ከሚመጡ የሃያ ዓመት ጐረምሶች ጋር እየተጋፉ መኖር ማለት ነበር። በ1951 ትዳር መሠረተ። ያን ዓመት ጃይንትስ በኒው ዮርክ የሊጉን ዋንጫ ሲያገኝ ዊልሄልም በሚኒያፖሊስ ነበር።

በ1952 የጃይንትስ አሠልጣኝ የነበረው ሊዮ ዱሮቸር በምላሱ መንደድ የታወቀ፥ ለማንም የማይመለስ ሰው ነው። ዊልሄልም በትናንሾቹ ሊጎች በአመዛኙ ግጥሚያ ጀማሪ ሆኖ ሳለ፥ ዱሮቸር ደራሽ አደረገው። ነገሩን ስናስበው ብልሃት ነበረበት። መቺዎቹ ስድስት ዙር ሙሉ ፈጣን ኳስ ሲያዩ ቆይተው ዓይናቸው ከለመደ በኋላ፥ እየተንቀጠቀጠች የምትመጣ ዝግተኛ ኳስ ሲላክባቸው ዱላቸውን አስቀድመው ያወናጭፉና ይስታሉ።

አጀማመሩ ግን አላማረም። በኤፕሪል 18 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ አንድ ሰው ብቻ አስወጥቶ፥ ሁለቱን ሳይመቱ በነጻ አሳልፎ፥ በአንዱ ተመትቶ ወረደ። አሥር ዓመት የጠበቀው ቀን ይህ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ከቦስተን ብሬቭስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ እንደገና ተጠራ። በዚያን ዘመን ወርዋሪዎችም በተራቸው ዱላ ይዘው ይቆሙ ነበርና ተራው ደረሰው፤ በሕይወቱ በታላቁ ሊግ መጀመሪያ በቆመበት ጊዜ ኳሷን መትቶ ከአጥሩ አሻገራት። ግጥሚያውንም አሸነፈ። ተመልካቹ አዲስ መቺ ተገኘ ብሎ ሳይደሰት አልቀረም። ዊልሄልም ከዚያ በኋላ በሃያ አንድ የጨዋታ ዘመናት ከ400 ጊዜ በላይ ዱላ ይዞ ቆመ፤ አንድም ኳስ ዳግመኛ ከአጥር አላሻገረም። የቤዝቦል ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ነገር ሳያነሡ የዊልሄልምን ስም አይጠሩም።

በዚያ ዓመት 71 ጊዜ ወጣ፤ አንዱንም ግጥሚያ ግን አልጀመረም። አሥራ አምስቱን አሸንፎ በሦስቱ ብቻ ተሸነፈ። የወርዋሪ ብቃት የሚለካው ለአንድ ሙሉ ግጥሚያ ሲሰላ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያስገባ ነው፤ የዊልሄልም 2.43 ሲሆን፥ በሊጉ ካሉት ወርዋሪዎች ሁሉ ያነሰው የእርሱ ነበር። አንድም ግጥሚያ ሳይጀምር፥ በዚያውም ላይ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፥ ጀማሪዎቹን ሁሉ በልጦ የአንደኛነቱን ቦታ ያዘ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማት ግን ለብሩክሊኑ ጆ ብላክ ተሰጠ። ብላክም በዚያ ዓመት ቡድኑን በደራሽነት ያገለገለ ወርዋሪ ነበርና፥ ያ ወንበር መከበር የጀመረበት ዓመት ነው ለማለት ያስደፍራል።

በ1954 ጃይንትስ የዓለም ሻምፒዮና ወደሚባለው ተከታታይ ግጥሚያ ደረሰ። ተጋጣሚው ክሊቭላንድ በዚያ ዓመት 111 ግጥሚያ ያሸነፈ ቡድን ስለነበረ ጃይንትስ ይረታል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ነገር ግን አራቱንም ግጥሚያ በተከታታይ ወሰደ። በሦስተኛው ግጥሚያ ጀማሪው ሩበን ጎሜዝ በስምንተኛው ዙር ሲደክም ዊልሄልም ደርሶ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ተጫወተ፤ ወደ ሻምፒዮናው ግጥሚያ ግን ዳግመኛ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ስለ ተቀባዮቹ ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ይሆናል። በዚያው በ1954 በሴፕቴምበር ወር ሬይ ካት የሚባል ተቀባይ የዊልሄልምን ኳስ ሲይዝ በአንድ ዙር ብቻ አራት ጊዜ አመለጠችው፤ ይህም በሊጉ ታሪክ ያልታየ ነበር። ኳስ ባመለጠች ቍጥር የተቃራኒው ተጫዋች ወደ ፊት ይራመዳል፤ ጥፋቱም በተቀባዩ ስም ይጻፋል። የዊልሄልም ተቀባይ መሆን ማለት እንግዲህ ጣትን ለስብራት፥ ስምን ለነቀፋ ማዘጋጀት ነበር። ወርዋሪው ይመሰገናል፤ ተቀባዩ ግን ጓንቱን እያየ ይተክዛል።

ከ1955 በኋላ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ኳሷ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ ያለችው መሰለ። በ1957 መጀመሪያ ወደ ሴንት ሉዊስ ሰጡት፤ ሴንት ሉዊስም በዚያው ዓመት ለክሊቭላንድ ለቀቀው፤ ክሊቭላንድ ደግሞ በ1958 ኦገስት ወር ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ተወው። በአንድ ዓመት ተኩል ሦስት ቡድን መለወጡ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ በዚያ ዓመት የተሸነፈባቸው ግጥሚያዎች ካሸነፋቸው ሦስት እጥፍ ይበልጡ ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ፥ ዛሬ ስሙን የሚያስታውሱት የጃይንትስ ሽማግሌ ደጋፊዎች ብቻ በሆኑ ነበር።

የባልቲሞሩ አሠልጣኝ ፖል ሪቻርድስ ቀድሞ ተቀባይ የነበረ፥ አዲስ ነገር መሞከር የማይፈራ ሰው ነው። ደራሹን አንሥቶ ግጥሚያ አስጀመረው። በሴፕቴምበር 20 ቀን 1958 ዝናብ በሚያካፋበት ቀን ዊልሄልም በባልቲሞር ሜዳ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ገጠመ። ያንኪስ በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮና የሆነ ቡድን ነው። በእነርሱ በኩል የጀመረው ዶን ላርሰን ሲሆን፥ ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በሻምፒዮናው ግጥሚያ አንድም መቺ ሳያሳልፍ የጨረሰ ነው። ተመልካቹ እርሱን ሊያይ መጥቶ ሌላውን አየ። ነክልቦሏ በእርጥብ አየር ውስጥ እየዋለለች ስትመጣ የያንኪስ መቺዎች አንድ በአንድ እየወጡ ተመለሱ። በዘጠኙም ዙር አንድም ሰው ኳሷን መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ለመድረስ አልቻለም። ለባልቲሞር የተገኘው ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ያገኘው የዊልሄልምን ኳስ ሲይዝ የዋለው ተቀባይ ገስ ትሪያንዶስ ነበር፤ ኳሷን ከአጥር አሻገራት። አንድ ለዜሮ።

በ1959 ሪቻርድስ አሁንም በጀማሪነት አሰለፈው። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ውጤቶች ሁሉ በድል ሲወጣ አንድ ጊዜም አልተሸነፈም፤ ዓመቱንም በአማካይ 2.19 ጨረሰና፥ በ1952 በአንደኛው ሊግ የያዘውን የአንደኛነት ቦታ በሁለተኛውም ሊግ ያዘ። ተቀባዮቹ ግን በዚያ ዓመት 49 ጊዜ ኳስ አመለጣቸው፤ ይህም የታላላቅ ሊጎች መጥፎ ሬኮርድ ሆኖ ተጻፈ። በ1960 ሪቻርድስ ሰፌድ የሚያህል ጓንት አሠርቶ ለተቀባዩ ሰጠው። ሕጉ የተቀባይ ጓንት ስንት ይሁን ብሎ አልወሰነም ነበርና ዳኞቹ የሚሉት አጡ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሕግ አውጪዎቹ መጠን ወሰኑለት። አንድ ሰው በሚወረውረው ኳስ ምክንያት የሌላው ሰው ጓንት በሕግ ሲለካ ከዚህ በቀር አልሰማንም።

ጀማሪነቱ ብዙ አልቆየም። ከ1960 ወዲህ ወደ ደራሽነቱ ተመለሰ፤ ዋናው ሥራውም ያ ሆኖ ቀረ። በ1963 መጀመሪያ የቺካጎው ኋይት ሶክስ ሲወስደው አርባ ዓመት አልፎታል። እንደ ሰው ሁሉ አስተያየት ቢሆን ዓመት ወይም ሁለት ዓመት አገልግሎ የሚሰናበት ነበር። እርሱ ግን በቺካጎ ስድስት ዓመት ቆየ፤ ከ1964 እስከ 1968 ባሉት አምስት ዓመታት አማካዩ በየዓመቱ ከ2 በታች ሆነ። በ1967 በአርባ አምስተኛ ዓመቱ ያስመዘገበው 1.31 ነው። በዕድሜ እጅግ በሚያንሱት መቺዎች ላይ ይህን ማድረጉን ስናስብ፥ ቍጥሩን ደግመን ማንበብ አስፈልጎናል።

በ1964 ኋይት ሶክስ የሊጉን አንደኛነት ያጣው ከያንኪስ በአንድ ግጥሚያ ብቻ ተበልጦ ነው። ዊልሄልም በዚያ ዓመት 73 ጊዜ ወጥቶ ነበር። ክንዱ የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርጓል፤ የጎደለው አንድ ግጥሚያ ግን ሳይገኝ ቀረ።

በቺካጎ የሠራው ሌላው ሥራ በውጤት መዝገብ ላይ የማይታይ ነው። ዊልበር ውድ የሚባል ወጣት ወርዋሪ ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ ሲል ወደዚያ ቡድን በ1967 መጣ። ዊልሄልም የነክልቦልን ነገር አስተማረው፤ ሌላ ሁሉ ትቶ በእርሷ ብቻ እንዲኖር አደረገው። ውድ በ1968 በ88 ግጥሚያዎች ወጥቶ በዘመኑ ሬኮርድ አስመዘገበ፤ በኋላም ታላቅ ጀማሪ ሆነ። ዊልሄልም ራሱ ከሥዕል የተማረውን ለሌላው በእጁ ይዞ አስተማረ። የገዛ ቦታውን ሊወስድ ለሚችል ሰው ጥበቡን መስጠቱ እኛን አስደንቆናል፤ በስፖርት ቤት ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በጁላይ 24 ቀን 1968 ለ907ኛ ጊዜ ወጣና፥ ሳይ ያንግ የተባለው ጥንታዊ ወርዋሪ ለብዙ ዘመን ይዞት የነበረውን ሬኮርድ አለፈ። የዓመቱ ጨዋታ ሲያልቅ ግን ቺካጎ አላስቀረውም። አዲስ የተቋቋመው የካንሳስ ሲቲ ቡድን ወሰደው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳያጫውተው ለካሊፎርኒያ አሳልፎ ሰጠው። በ1969 በሴፕቴምበር ወር ደግሞ አትላንታ ለዋንጫ ሲሽቀዳደም ደራሽ አነሰውና ዊልሄልምን አስመጣ። በቀሩት ሳምንታት ውስጥ ስምንት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ግጥሚያ አሸነፈ፤ አራቱን ደግሞ ከመጥፋት አዳነ፤ አትላንታም የምድቡ አንደኛ ሆነ። ይሁን እንጂ የሊጉ ሕግ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ በኋላ የመጣ ተጫዋች በማጠቃለያው ግጥሚያ እንዳይሰለፍ ይከለክል ነበር። ዊልሄልም የመጣው በስምንተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ያበቃቸውን ግጥሚያ ከዳር ሆኖ ተመለከተ፤ አትላንታም በኒው ዮርክ ሜትስ በሦስት ተከታታይ ግጥሚያ ተሸነፈ። ከአሥራ አምስት ዓመት ወዲህ ለሻምፒዮናው ይህን ያህል የተጠጋበት ጊዜ አልነበረም፤ ዳግመኛም አልመጣም።

በሜይ 10 ቀን 1970 አንድ ሺኛ ግጥሚያውን ወረወረ። እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ወርዋሪ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው፤ ለጥቂት ቀን ወደ ቺካጎ ከብስ፥ እንደገና ወደ አትላንታ፥ በመጨረሻም በ1971 ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ። በጁላይ 10 ቀን 1972 የመጨረሻውን ኳስ ወረወረ፤ በዚያው ወር ሃያ አንደኛው ቀን ዶጀርስ አሰናበተው። ሃምሳኛ ዓመቱ ከአምስት ቀን በኋላ ነበር።

አሁን የቀረው የዝናው ነገር ነው። አሜሪካኖች በኩፐርስታውን ከተማ ለቤዝቦል ታላላቆች ያቆሙት የዝና አዳራሽ አለ፤ ወደዚያ የሚያስገባው የስፖርት ጋዜጠኞች ድምፅ ሲሆን፥ ከመቶ ሰባ አምስት ያላገኘ አይገባም። ዊልሄልም ለምርጫ ከቀረበ ጀምሮ ጋዜጠኞቹ ዓመት በዓመት አሳለፉት። የቸገራቸው ሚዛኑ ነበር። የታላላቅ ጀማሪዎች ድል በሁለትና በሦስት መቶ ሲቆጠር የዊልሄልም 143 ብቻ ነው፤ የዳኑለት ግጥሚያዎች ደግሞ ከ220 በላይ ቢሆኑም፥ ማዳን የሚባለው ሒሳብ በይፋ መያዝ የተጀመረው እርሱ ሊሰናበት በተቃረበበት በ1969 ነው። ሥራው በሚሠራበት ዘመን ለሥራው ስም አልነበረውም ብንል ይቀላል። በ1984 አሥራ ሦስት ድምፅ ጎደለው። በ1985 ግን አለፈ። በደራሽነት ሥራው ወደዚያ አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ የገቡት ደራሾች ሁሉ የገቡት እርሱ በከፈተው በር ነው። የ1,070 ግጥሚያ ሬኮርዱን ዴኒስ ኤከርስሊ በ1998 በአንድ ግጥሚያ አለፈው። በደራሽነት ያገኛቸው 124 ድሎች ግን እስካሁን በማንም አልተበለጡም።

ከተጫዋችነት ከወጣ በኋላ ሁለት ትናንሽ ቡድኖችን አሠለጠነ፤ ከዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ለያንኪስ ወጣት ወርዋሪዎች አስተማሪ ሆነ። ያ በ1958 በዝናብ ቀን ያሸነፈው ቡድን እንጀራ ሰጪው ሆነ ማለት ነው። በኦገስት 23 ቀን 2002 በፍሎሪዳ ግዛት በሳራሶታ ከተማ በሰማንያ ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ ወደ አሥር ወር ግድም ሲሆን፥ በጁን 11 ቀን 2003፥ ያንኪስ ከአርባ አራት ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና አንድም ኳስ በትክክል ሳይመታ ግጥሚያ ጨረሰ። በዚያ ምሽት ለሂውስተን ቡድን የወረወሩት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከስድስቱ አምስቱ ደራሾች ናቸው።